ግማሽ አንሶላ

ማናማ፣ አድሊያ ሰፈር፣ ከነጩ ቪላ፣
ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሚስተር ወንበር ኋላ፣
በሣጥን ታሽጋ፣ በገለባ ተጠቅልላ፣
ባሕር አቋርጣ የመጣች አንዲት ሴት አለች፤
ልትታጠብ ብላ ልብሷን የጣለች።
አንድ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ፣
ዞር ብላ ቀርታለች፣ ኮሽታ ሰምታ፣ ተጠራጥራ።
ከአጥሩ በላይ ሁለት ሽማግሌ ጎንበስ ብለዋል፤
አንዱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ዝም» ይላል፤
የሌላው ጢም ትከሻዋን ሊነካ ስንዝር ይቀረዋል።

ማዳም «ሥዕሏ» ትላታለች፤ ሚስተር «ጣሊያኒቷ»።
እኔ ግን አወቅኋት፣ በአንገቷ አዟዟር፣ በፍርሃቷ፦
ሶስና ናት፣ የኢዮአቄም ሚስት፤
አጎቴ ዲያቆን ሳለ ጮክ ብሎ ያነበበልን ለት
እኔና እህቴ የሳቅንባት፣
«በጠራራ ፀሐይ ምን አሳጠባት?»

የሐሙስ ሥራዬ ይሄ ነው።
ቀን፣ የማዳም እናት ከሙሐረቅ ሲመጡ፣ በአንሶላ መሸፈን፤
ማታ፣ የሚስተር ወዳጆች ሲመጡ፣ መግለጥ ያንኑ ሽፍን።
ከዚያ ሻይ ማዞር፣ ቴምር፣ የሲጋራ መተርኮሻ።
ሰዎቹ ቆመው ያያሉ። ወሬው ስለ ቀለም ነው፣
ስለ ጥላው፣ ስለ ብርሃኑ፣ በየት በኩል እንደሚገባ፤
ዓይናቸው ግን ብርሃኑ ጋ ብዙ አይቆይም፣
ከጉልበቷ ወደ ላይ ይወጣል።
ይሄን ለማወቅ አረብኛ አያስፈልግም።

መጽሐፉ ላይ ጮኻለች።
ሠዓሊው ግን ከጩኸቷ አንድ ትንፋሽ ቀድሞ አስቁሟታል፤
ይኸው ስንት መቶ ዓመት አፏን ከፍታ
አየር ትስባለች።

እኔ የማየው ሌላ ነው።
ከሥር፣ በግራ፣ ጭስ በመሰለ ቀለም፣
አቧራ የሚያራግፍ ሰው ካልሆነ ማንም ልብ የማይላቸው
ሁለት ገረዶች አሉ። ጀርባቸው።
«ዘይትና ሳሙና አምጡ፣ የአትክልቱን በር ዝጉ» ተብለው
ዘግተው እየሄዱ ነው።
መጽሐፉ ስማቸውን አልጻፈም፤
ሠዓሊው ፊታቸውን አልሳለም።
አንደኛዋን ትርንጎ አልኳት፣ በቤት ስሜ፤
እዚህ የሚጠራኝ የለም፣ ሌላ ነው ፓስፖርት ላይ ስሜ።

እኔም በር ዘግቻለሁ።
አምና፣ ሐሙስ ማታ፣
«በረዶ ግዢ፣ ስትወጪ በሩን ዝጊው» ተባልኩ።
ዲልሩክሺ የምትባል የስሪላንካ ልጅ ብርጭቆ ታጥብ ነበር።
ዘጋሁ። ዞር አላልኩም።
በረዶው እጄ ላይ እየቀለጠ ስመለስ
ቧንቧው ይፈሳል፣ ሰው የለም።
በሳምንቱ ፍራሿ ተጠቀለለ።
«ሌባ ነበረች» አለችኝ ማዳም፣ ወደ መስኮቱ እያየች።
ለያይቶ የሚጠይቅ፣
«በየትኛው ዛፍ ሥር?» የሚል ብላቴና
አልተነሣም በዚያ ቤት፤
ያለው ዛፍም አንድ ነው፣ ሳሎን ውስጥ፣ ፕላስቲክ፣
ቅጠሉን ቅዳሜ ቅዳሜ የምወለውልለት።

ትናንት ሐሙስ ነበር።
«ግለጪው» አለኝ፤ ገለጥኩ፣ ግማሹን።
የቀረውን በአራት መርፌ ቁልፍ ያዝኩት፣
ከፀጉሯ እስከ ውሃው ድረስ፤
ትረፍ ብዬ፣ ለአንድ ማታ እንኳ።
ሽማግሎቹን ተውኳቸው።
ገረዶቹንም አልሸፈንኩም፤
ጀርባዬ ነው፣ ይታይ።

ቴምሩን አዙሬ ግድግዳው ሥር ቆምኩ።
ስለ ብርሃን የሚያወራ ጠፋ።
ጢማቸውን ሲዳብሱ የነበሩት እንግዳ
እጃቸውን አወረዱ፣ ኪሳቸው ከተቱት፤
ሌላው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣
መልሶ አላደረገውም።
ሚስተር ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው።
«ውጪ» አለኝ፣ «በሩን ዝጊው።»

ወጣሁ።
የቢሮው ቀዝቃዛ አየር ኮሪደሩን ተሻግሮ
እስከ ኩሽናው ድረስ
ሲነፍስ አደረ።